አሥራ አምስተኛው መስመር

ቡሬ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለክርስትና ልጄ፣

ጥፋተኛው ወንዳወቅ ነው። ሰላም ሳልልሽ ስሙን ያስቀደምሁት፣ ደብዳቤውን ገና ስትከፍቺው፣ ሌላውን ባታነቢው እንኳ፣ ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው። መልካሙ አይደለም። ወንዳወቅ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። ጾሙን እንዴት ጨረስሽው? ጨጓራሽ አልተነሣብሽም? የጢስ ዓባይ ርጥበት ለደረትሽ እንደማይሆን አውቃለሁና እባክሽ ጠዋት ጠዋት ሳትደራርቢ አትውጪ። የአክስትሽ እግርስ እንዴት ሆነ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰው ደኅና ነኝ ሲል ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለቱ ነው። ከጥቅምት ወዲህ የገዛ እጄ ይቀፈኛል።

ይህን የምታመጣልሽ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የጠቀለልሁትን ደብተርም ትሰጥሻለች። ሁለቱን አንድ ላይ ያዢያቸው።

ከሥሩ ልነሣ። አምና ግንቦት ዩኒየናችን ለገበሬ ያከፋፈለው በቆሎ ምርጥ ዘር እንዳልነበረ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርሁ። መጋዘኑን ልጠርግ ስገባ ባልዲ ሙሉ ቀይ ቀለም አገኘሁ። ከገበያ የተሸመተ በቆሎ በዚያ ቀለም እየታሸ፣ መድኃኒት የነካው ምርጥ ዘር መስሎ ጆንያው ይሰፋ ነበር። ወለሉን ስፈትግ ውኃው እንደ በግ ደም ቀላ። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አንቺ ነበርሽና፣ የሚያዘውን ታውቃለች ብዬ ለአንቺ ነገርሁሽ። ሰኔ ላይ አያ ገደፋው ያልበቀለውን ዘር ከነጭቃው በነጠላው ቋጥሮ መጥቶ ሰይፈ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፈው ክርፋቱ እስከ ደጅ ደረሰ። ሰይፈ ሥራ አስኪያጅ አይደል፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ዘሩስ ግሩም ነበር፣ መሬትህ ደክማ ነው አለው። አያ ገደፋውም፣ እንግዲያማ መሬቴን ጠበል ልውሰዳት አለና ወጣ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም።

ሐምሌ ላይ ስምሽን ሳትጽፊ የክስ ደብዳቤ ለበላይ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ላክሽ። እነሱም እንደ ልማዳቸው ክሱን ለተከሳሹ መለሱት፤ ከገዛ ቢሮህ የመጣ ነውና አጣራ ብለው ለሰይፈ ሰደዱለት። ሰይፈ ግን በስድስቱ ኮምፒውተሮች ከምትሠሩት ማን እንደላከው ሊያውቅ አልቻለም። ለምን እንዳልቻለ አንቺ ከፊሉን ታውቂያለሽ፤ ቀሪውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስድስቱን ከውጭ የሚያገናኘው ሰርቨር የተቀመጠበት የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእኔ ወገብ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ግን ከግቢ አይወጣም። የምትልኪው ሁሉ በትንሽ በትንሹ ይቋጠራል። ቋጠሮውን ፓኬት ይሉታል፤ ከማን ወደ ማን የሚል ተጽፎበታል። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ከርነሉ፣ ማለት ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ሥር ተቀምጦ ሁሉን የሚያዘው፣ የአንቺን ቁጥር ይፍቅና የቢሮውን አንድ ቁጥር ይጽፍበታል። መልሱ ሲመጣ የማን እንደነበረ አስታውሶ ለባለቤቱ ይመልሳል። እኛ አገር ቤት ቀበሌው በሙሉ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ እንደሚላላከው ማለት ነው። ውጭ ያለ ሰው ሣጥኑን ያያል እንጂ ጸሐፊውን አያይም። ስድስታችሁም በአንድ ቁጥር ተከልላችሁ ነበር።

ከዚህ ሌላ የሚያልፈውንና የማያልፈውን የሚለዩ መስመሮች አሉ። ከርነሉ እያንዳንዱን ቋጠሮ ይዞ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል። አሳልፍ ወይም ጣል የሚል የሚገጥመው ሲያገኝ ያንኑ ይፈጽምና የቀረውን አያነብም። ያን ጊዜ በጠቅላላው ሃያ መስመር ነበሩ። ክፋቱ ከርነሉ የሚያስታውሳቸው መብራት እስካለ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ባዶውን ይነሣል፤ ከስድስቱ አንዱም ወደ ውጭ አይወጣም። እንዳይረሳ አድርጎ ማስቀመጥ እንደሚቻል የነገረኝ ራሱ የኮምፒውተር ባለሙያው ወንዳወቅ ነው። አላስቀመጠውም። ከፍኖተ ሰላም በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ሦስት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው፣ ምን አደከመኝ፣ ማዘር አለችልኝ አይደል ይል ነበር። ማዘር የሚለው እኔን ነው። እኔ እንደሱ ያለ አልወለድሁም።

መስመሮቹን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ እኔ ወደ ደብተር ገለበጥሁ። መብራት በመጣ ቁጥር እሱን እያየሁ አንድ በአንድ እመታቸዋለሁ። የፈረንጅ ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ሰርቨሩ ይተፋዋል። ሰረዙም አንድ ሲሆን ሌላ፣ ሁለት ሲሆን ሌላ ነው። የሒሳብ ክፍል ሰዎች ሞክረው ሦስቴ ተሳሳቱና ይህስ የእርስዎ ሥራ ነው ብለው ተዉልኝ። እኔ ግን ነጥብ ጥዬ አላውቅም። በአርባ አራት ዓመቴ፣ አንቺ አምስተኛ ክፍል ሳለሽ፣ የሽንዲው መንገድ ዳር ቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። የፈረንጁን ሃያ ስድስትም አንቺ ጨመርሽልኝ። ሰው በልጅነቱ የተማረውን ፊደል እንደ ምራቁ ይተፋዋል፤ እኔ ግን ከሸመገልሁ በኋላ ያገኘሁት ነውና እያንዳንዱን እንደ እንቁላል ነበር የምይዘው።

በየመስመሩ ጎን ደግሞ ምን እንደሚሠራ ወንዳወቅን እየጠየቅሁ በአማርኛ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ጎን፣ መተላለፊያውን ክፈት። በሰባተኛው ጎን፣ ሳይጠራ ከውጭ የመጣን ጣል። በመጨረሻው ጎን፣ የቤቱን ቁጥር ደብቀህ የቢሮውን ቁጥር ስጥ። ወንዳወቅም፣ ማዘር ቅኔ ልትቆጥሪበት ነው ወይ እያለ ይስቃል፤ አውራ ጣቱን እየላሰ ገጾቼን ይገልጣል። ምራቁ እስኪደርቅ ገጹን አልነካውም ነበር። አንቺ ደግሞ ኢንጂነር ትዪኝ ነበር። የአንቺ ቀልድ ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ወንዳወቅና ሰይፈ በር ዘግተው ዋሉ። ወንዳወቅ ሲወጣ ደብተሬን አምጪ አለኝና ከአሥራ አራተኛው ሥር አንድ መስመር በእጁ ሰንቅሮ የቀሩትን ቁጥራቸውን ገፋ። ሃያ አንድ ሆኑ። ገጹ ስለተበላሸብኝ በሚቀጥለው ላይ ሁሉንም በንጹሕ ገለበጥሁ። እንደ ልማዴ አዲሷ ምን እንደምትሠራ ጠየቅሁት። የእስክሪብቶውን ክዳን ከጆሮው አውጥቶ እያሸተተ መለሰልኝ። የመለሰልኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

መስመሯ የምትሠራውን ግን ልንገርሽ፤ ከሃያ አንዱ እንደሷ የሚያስጠላ የለም። ሌላው ወይ ያሳልፋል ወይ ይጥላል፤ ከፋም በጀም ፊት ለፊት ነው። አሥራ አምስተኛዋ አትከለክልም። ከስድስቱ የትኛው፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደላከ፣ ቁጥሩ ሳይፋቅ በፊት መዝግባ ታስቀርና እለፍ ትለዋለች። ከሚያሳልፈው መስመር በላይ የሰነቀራት ለዚህ ነው፤ ከሥር ብትሆን ኖሮ ከርነሉ እሷ ጋ ሳይደርስ ያቆም ነበር። እጅ ነሥቶ፣ ደኅና አደርሽ ብሎ አሳልፎሽ፣ ዘወር ስትዪ ስምሽን የሚጽፍ ዘበኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ናት።

በጥቅምት መጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ሁለተኛውን ደብዳቤ ነገ እልካለሁ አልሽኝ። በዚህኛው የቀለሙንም ባልዲ አነሣዋለሁ አልሽ። እኔም እሰየው አልሁሽ። ሰኞ ጠዋት መብራት አልነበረም፤ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ደብተሬን ዘረጋሁ። አንቺ ለመላክ ቸኩለሽ በሩን ተደግፈሽ ቆምሽ። በርቺ እንጂ ኢንጂነር፣ ዛሬ ጣትሽ እንደ ዶሮ አንድ አንድ ይለቅማል ወይ አልሽኝ። አሥራ አራተኛውን ጨረስሁ። ቆምሁ። አንዷን መስመር ብዘል ሰርቨሩ አይተፋም ነበር፤ ኢንተርኔቱም ይከፈት ነበር፤ ወንዳወቅ እስከ ሐሙስ አይመጣም ነበር። አንቺ የተሳሳትሁ መስሎሽ፣ ምን ጠፋሽ፣ እስቲ ልየው ብለሽ ጎንበስ አልሽ። ምንም አልጠፋኝም፣ እኔ ነጥብ አልጥልም አልሁሽ። መታኋት። የቀሩትንም ስድስቱን መታሁ። አጨብጭበሽልኝ ወደ ወንበርሽ ሄድሽ።

የቀረውን አንቺ ኖረሽዋል። ሐሙስ ወንዳወቅ መጥቶ አሥራ አምስተኛዋ የመዘገበችውን አነበበ፤ ዓርብ ሰይፈ ጠራሽ፤ የድርጅቱን ስም አጠፋች ተብለሽ ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ቆየሽ፤ ስትወጪ የስንብት ወረቀትሽ ተጽፎ ጠበቀሽ። ሰርቨሩ እንደተናገረ ከታወቀ በዚያ ቤት ማንም ምንም አይጽፍም፤ ስለዚህ ሰይፈ፣ የነገረን እጮኛዋ ነው ብሎ አስወራ። ምስጢርሽን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ መልካሙ ብቻ ነበር። እኔን አልጠረጠርሽም፤ እናትሽ ነኛ። ለእሱ ቀለበቱን መለስሽለት፤ ደምበጫ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች እንኳ ጀርባ ጀርባውን ሲያሾፉበት ከረሙ። ስድስት ወር ሙሉ ሰይፈ ደኅና አደርሽ እናታችን ሲለኝ ደኅና አደርህ እያልሁ ቢሮውን ጠረግሁ። የጠረግሁት ቆሻሻ ከእነሱ ይሻል ነበር። ከእኔም።

በፋሲካ ማግሥት መልካሙ እኔ ዘንድ መጣ። ከስቷል። እናቴ፣ እርስዎ በሰማንያ ቀኗ አቅፈው ያስጠመቋት ነዎት፣ ከሌላ ሽማግሌ ይልቅ እርስዎ ቢሄዱልኝ ትሰማለች አለኝ። አልነገርሁም ብሎ አልማለም። እርስዎ ያውቁኛል አለ፣ ያን ብቻ። ያቀረብሁለትን ቀምሶ ሲነሣ እጄን ሳመኝ። ይህን እጅ። እሱ ከወጣ በኋላ በአመድ አሸሁት፣ በሳሙና አጠብሁት፤ ከንፈሩ ያረፈበት ቦታ ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ትናንት መብራት ሄዶ ረፋዱ ላይ ተመለሰ። ከተቀመጥሁባት ዱካዬ አልተነሣሁም። ስድስቱም ተዘግተው ጩኸት ሆነ። ሰይፈ ራሱ መጥቶ ምን ሆነሻል አለኝ፤ ደብተሩ የለም አልሁት። ወንዳወቅን ጠሩት፤ ከሰዓት በኋላ ላቡን እያንጠባጠበ ደረሰ። ማዘር ቀልዱን ተዪና ደብተሩን አምጪ አለኝ። ለሚያነበው ሰጥቼዋለሁ አልሁት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ ፊቱ አመድ ለበሰ። ከራሱ ሊጽፍ ተቀመጠ። ስድስት መስመር መትቶ ሰባተኛው ላይ ሰርቨሩ ይተፋበት ጀመር። ሰይፈም፣ አንዲት መጥረጊያ ያዥ የምትችለውን አቃተህ ወይ አለው። እርስ በርሳቸው ሲነካከሱ መጥረጊያዬን ጥዬ ወጣሁ። ዛሬም እንደተዘጉ ዋሉ አሉ፤ እኔ አልሄድሁም።

ደብተሩን ለመልካሙ አሳዪው። ፍኖተ ሰላም ላስገባሽው ይግባኝም ይሁንሽ፤ ወንዳወቅ በገዛ እጁ የሰነቀረበት ገጽ እንዳለ ነው። ቀጥሎ ያለው እኔ በንጹሕ የገለበጥሁት ነው። በሃያዎቹ መስመሮች ጎን የሚሠሩትን ጽፌያለሁ። የአሥራ አምስተኛዋ ጎን ባዶ ነው። ቀለም አልቆብኝ አይደለም። ፈርታ ነው ትዪ ይሆናል። ብፈራ ይሻለኝ ነበር።

ስትጠመቂ፣ አንቺ አፍ አልነበረሽምና፣ ስለ አንቺ ሆኜ ሰይጣንን እክደዋለሁ ያልሁት እኔ ነኝ። ያ ቃል ለእኔ ባይሆንልኝ ለአንቺ ይጽናልሽ። የተዘጋብሽን በር የከፈተው አምላክ ይክፈትልሽ። አያ ገደፋው ዘንድሮ የሚዘራው ይብቀልለት። ከመልካሙ ጋር አንድ ማዕድ ያቅርባችሁ፤ የምትወልጂውንም ከእኔ የተሻለች ሴት ታንሣልሽ።

እኔ ለሽምግልና አልመጣም። ለዚያ ሰርቨርም መስመር አልመታም። ከእንግዲህ የሚሠራውን እያወቅሁ፣ ፊደሉን አሳምሬ ስለምጽፍ ብቻ፣ የማንንም ቃል አልገለብጥም።

የክርስትና እናትሽ