ገጽ 31 ከመመሪያው እንዲወጣ

ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.
ጅግጅጋ

ለእንስሳት ክትባት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
የዲሲፕሊንና የቅሬታ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የመስክ ሠራተኞች የጋራ መመሪያ ገጽ 31 ከሐሙስ በፊት እንዲነሳ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ገሊላ የኋላሸት የጽሕፈት ቤቱ የሰው ሀብት ባለሙያ ስሆን፣ የመስክ ሠራተኞቻችንን የጋራ መመሪያ ለሦስት ዓመት ይዤ ቆይቻለሁ። ከመስክ የተመለሰ ሁሉ የተለወጠውን ነገር ይነግረኛል፤ እኔ አጣርቼ ገጹን እቀይራለሁ። ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ሠራተኛውን እንዳያሳስት፣ የተተካው ገጽ በዚያው ቀን ተቀድዶ እንዲጣል፣ ፋይሉም እንዲሰረዝ ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

1. ገጽ 31 ወደ ሀርሺን የሚሄድ ቡድን መንገድ ላይ ካለው የእንስሳት ጤና ኬላ ፍሪጅ የክትባቱን በረዶ እንዲቀይር ያዛል። በጥር ወር ሾፌራችን ዐብዲሓኪም ከዚያ ተመልሶ፣ «ዋላሂ ገሊላ፣ የምን ፍሪጅ? ዘበኛው ጫማውን ነው የሚያስቀምጥበት» አለኝ። ወደ ኬላው ደውዬ አረጋገጥሁ። ለጉዞው የሚበቃ በረዶ ከጅግጅጋ ተይዞ እንዲሄድ ገጹን ቀየርሁ።

2. የቡድን መሪዬ አቶ ትግሉ ሀብተየስ፣ «ፍሪጁ ይሠራል ብለን ሪፖርት ልከናል፤ አንቺ ደግሞ ማነሽና ነው አይሠራም የምትዪው?» አሉኝ። ሪፖርቱን ያርሙ አልኋቸው። ይህን በማለቴ ዛሬም አልጸጸትም። በየካቲት ለዓመት ዕረፍት ስወጣ፣ ኮምፒውተራቸው ላይ ከቀረው ቅጂ አሮጌውን ገጽ አትመው መለሱት። የእኔን በደንቡ መሠረት ቀድደው ጣሉት፣ ፋይሉንም ሰረዙት፤ በእኔው ደንብ።

3. እኔ ከዕረፍት ሳልመለስ የመጋቢቱ ቡድን ገጹን አምኖ ሄደ። ክትባቱ በሙቀት ተበላሽቶ ስለነበር በሽታው ሲገባ ፍየሎቹን አላዳናቸውም። አርብቶ አደሯ ወይዘሮ ሪሐና አርባ አንድ ፍየል ካለቀባቸው በኋላ ቢሮ ድረስ መጡ። አቶ ትግሉ ወደ እኔ ጠቆሟቸው። ወይዘሮዋም፣ «የትኛው እጅሽ ነው የጻፈው?» አሉኝ። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሶማልኛ አያቅተኝም። ገጹን ማን እንደመለሰው በቋንቋቸው ነገርኋቸው።

4. ኮሚቴው ሚያዝያ 5 ቀን ከደረጃዬ ዝቅ አድርጎ መዝገብ ቤት መደበኝ። ጥፋቴ «መመሪያውን በአግባቡ አለመያዝ» ነው። የቀየርሽውን ገጽ አቅርቢ ተባልሁ፤ ከየት ላምጣው? ዐብዲሓኪም ይመስክርልኝ ብል፣ «የሾፌር ቃል የባለሙያ ማስረጃ አይሆንም» ተባለ። ሾፌሩ ፍሪጁን በዓይኑ አይቷል። ከኮሚቴው አባላት ያየው ማን ነው?

5. ኮሚቴው ቅሬታዬ ተጣርቶ እስኪያልቅ መመሪያው በማንም እንዳይነካ አዟል። ስለዚህ ገጽ 31 አሁንም በቦታው አለ። ሐሙስ ሚያዝያ 19 ቀን ደግሞ ሌላ ቡድን ወደ ሀርሺን ይነሳል። ሁለቱ በቅርቡ ተመድበው የመጡ ናቸው፤ መንገዱን አያውቁትም፣ የሚያምኑት መመሪያውን ነው። በቃሌ ነገርኋቸው። አንዷ በትሕትና፣ «እህቴ፣ አንቺኮ በዚሁ ጉዳይ ነው የተቀጣሽው» አለችኝ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። እኔም በእርሷ ቦታ ብሆን የታተመውን ነበር የማምነው።

ቅጣቴን አልቀበለውም፤ እስከ ፍርድ ቤት እሄድበታለሁ። ዛሬ የምለምናችሁ ግን ስለ ቅጣቴ አይደለም። ከእናንተ አንድ ሰው ወደ ኬላው ይደውልና ስለ ፍሪጁ ይጠይቅ። ገጹን እኔ ባወጣው ትእዛዝ መጣስ ይሆንብኛል፤ በማግሥቱም አቶ ትግሉ ይመልሱታል። የእናንተን ፊርማ ግን የሚሽር የለም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳትወስኑም ገጹን ማንሳት ትችላላችሁ።

እስከ ረቡዕ ማታ መልሳችሁን ከመዝገብ ቤት ሳልወጣ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ገሊላ የኋላሸት