ጀርባዬን ወለሉ ላይ ሳሳርፍ

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ልጄ፤

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንገቴና ወገቤ ይታዘቡኛል። ዛሬም የተማሪ ደንብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሼ ውዬ ማታ ቀና ልበል ስል አንገቴ እንቢ ይላል። አክስትህ «ስፌቱ ብቻ አይደለም፤ በር በር እያየሽ ነው አንገትሽ የተጣመመው» ትለኛለች። ምላሷን ታውቀው የለ።

መጀመሪያ ሐኪም አየኝ። «አጥንትዎ ደህና ነው፤ እጅዎ ወይም እግርዎ ከደነዘዘ ግን ቶሎ ይመለሱ» አለኝና ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍል ዮጋ ወደምታሠራ ልጅ ላከኝ። እዚያ የምንሠራው ሴቶች ስሟን ጠርተናት አናውቅም፤ ከአፏ ሌላ ቃል ስለማይወጣ «ቀስ በሉ» ነው የምንላት። እናትህ በዚህ ዕድሜዋ እንደ ድመት በአራት እግሯ ቆማ ጀርባዋን ስታጎብጥና ስትዘረጋ ብታያት በሳቅ ትፈርስ ነበር። አንገትን ወደ ኋላ ማንከባለል ክልክል ነው፤ ጆሮን ወደ ትከሻ ዘንበል ማድረግ ብቻ፣ ያውም እየተነፈሱ። «ሲያማችሁ እዚያው አቁሙ፤ እዚህ ጎበዝ የሚባል የለም» ትለናለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀለል አለኝ።

ጣጣው የመጣው መጨረሻው ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሠርተን ስንጨርስ በጀርባችን አስተኝታን፣ መጋረጃውን ጋረደችና «ይሄ አተኛኘት የሬሳ ይባላል» አለች። ምን ታውቃለች እሷ። ከወደብ ከተማዋ «ነገ ጀልባ ልንሳፈር ነው» ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ፣ ጀልባው የት እንደደረሰ የሚነግረን ከጠፋ ወዲህ፣ እኛ ቤት ያን ቃል የሚያነሳ የለም። አክስትህ አንዴ «ዓመታት አለፉ እኮ እህቴ፤ እርምሽን አውጪ» ብትለኝ ስንት ጊዜ ሳላናግራት ቀርቻለሁ።

ዓይኔን ስጨፍን አየሁህ። አጠገቤ ያለው ባዶ ምንጣፍ ላይ ተጋድመሃል፤ ፀጉርህ እርጥብ ነው። ደንግጬ ብድግ ስል ወገቤ ቋ ብሎ ያዘኝ።

ቀስ በሉ ሮጣ መጣች። «እማማ፣ ሲነሱ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ በጎንዎ ይዙሩ፣ በእጅዎ ይደገፉ፣ ጭንቅላትዎ መጨረሻ ይነሳ።»

«እንደ ሬሳ አልተኛም» አልኳት።

«ለምን?»

ነገርኳት። ለማያውቁት ሰው መናገር እንዴት ይቀላል። ሰማችኝና «እንግዲያው በጎንዎ ይተኙ፤ ማንም አያስገድድዎትም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ሲዘረጉ እኔ በጎኔ ነኝ፣ ፊቴን ወደ አንተ አዙሬ። በመጣሁ ቁጥር ትመጣለህ። አትናገርም፣ ግን ትንፋሽህ ይሰማኛል። እዚያ ምንጣፍ ላይ ልትተኛ የምትመጣ ካለች «ሰው አለው» እላለሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ አሁን ለምደውኝ ዙረው ያልፋሉ።

ትናንት ግን ወገቤ በጎን መተኛቱን እንቢ አለ። ወድጄ ሳይሆን በጀርባዬ ተኛሁ። ቀስ በሉ ከጉልበቴ ሥር ትራስ አደረገች። ብርድ ልብስ አጣጥፋ ከአንገቴ ሥር ስታስገባ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ አሳረፈችው። ልጄ፣ እንዲህ ያለ እረፍት አላውቅም። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። ወደ ምንጣፍህ ዞሬ ሳይ የለህም። ጠበቅሁ፤ አልመጣህም። በጎኔ ዞሬ፣ በእጄ ተደግፌ፣ እንዳስተማረችኝ ተነሳሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ «ሰው አለው?» ስትለኝ «የለውም» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት አክስትህ ዘንድ ሄጄ «እርሜን ላወጣ ነው፤ ለእሑድ ዘመዶቹን ጥሪልኝ» አልኳት። ያቺ ተናጋሪ አቀፈችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል። የአንተን ጭንቅላት ቀስ አድርጎ የሚያሳርፍ እጅ ነበረ? እሱን ማን ይነግረኛል።

በደብዳቤዬ መጨረሻ ሁሌ «በሰላም ግባልኝ» እልህ ነበር። ዛሬ ብዕሬ እንቢ አለኝ። ለሰው ሁሉ አፈሩ ይቅለለው ይባላል። ለአንተ፣ ልጄ፣ ውሃው ይቅለልህ።

እናትህ