ባለቤቴ እምቦጭ አይደለችም

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ሕዝቅኤል
የሐይቅ ዓይን የማሽን እይታና የድምፅ ምርምር ማዕከል የበላይ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ባልደረቦችዎስ፣ እነዚያ እንቅልፍ የማያውቁ ካሜራዎችዎስ እንዴት አሉልን? እኔ፣ ከጣና ውኃ በደኅና ያወጣን አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። በሕይወት መኖሬን አስቀድሜ የምገልጸው ለወግ ያህል ሳይሆን፣ በእርስዎ ማዕከል ዘንድ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥርጣሬ ሊኖር እንደሚችል ስለ ተረዳሁ ነው።

ስሜ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ይባላል። ከከተማው ማዶ፣ በሐይቁ ዳርቻ ባለች ትንሽ ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ድረስ ይዤ መምጣት ሲገባኝ በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በግቢዎ በር ላይ የተሰቀለው ካሜራ እኔን ሲያይ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ስለምፈራ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ላመስግንዎት። እምቦጭ ሐይቃችንን እያለበሰ፣ የዓሣውን መንገድ እየዘጋ በመጣበት ጊዜ እርስዎ ማሽን አመጡልን። ማሽኑ አረሙን በራሱ ዓይን ለይቶ፣ በራሱ ፈቃድ ቀርቦ፣ በጥርሱ አጭዶ፣ በሚሽከረከር ሰንሰለት ወደ ሆዱ ያስገባል። በምረቃው ዕለት በዳርቻው ድንኳን ተጥሎ፣ ማሽኑ የተማረበትን የሥዕልና የድምፅ ክምችት ‹ዳታሴት›፣ የተፈተነበትን መለኪያ ደግሞ ‹ቤንችማርክ› እንደምትሉት በትዕግሥት አስረዱን። በፈተናውም ከመቶ ዘጠና ሰባት ማምጣቱን ነገሩን። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ። ስለ ቀሩት ሦስቱ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አሁን ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር የቀረበ ነገር በማዕከልዎ እንደሚከበር ሰምቻለሁና።

፩ኛ. ባለቤቴን ወይዘሮ እናትዓለምን የዓይን ሞራ ጋርዷት ነበር። ብርሃንና ጥላ ትለይ ነበር እንጂ የሰው ፊት አትለይም ነበር። በኅዳር ወር ከተማ ካለ የዓይን ሐኪም ዘንድ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘላትና ጧት በታንኳ ተነሣን። ታንኳችን በዚህ ዳርቻ እንዳሉት ታንኳዎች ሁሉ ከደንገል የተሠራች ናት። እርሷ ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እቀዝፋለሁ። የእምቦጩን ዳር ይዘን ስንሄድ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

«የምን ድምፅ ነው?» አለችኝ።

«የእምቦጩ ማሽን ነው። ወደዚያ ማዶ ነው» አልኋት።

አልዋሸኋትም፤ ያን ጊዜ ወደዚያ ማዶ ነበረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ወደ ቀኝ ቀዘፍሁ፤ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ወደ ግራ መለስሁ፤ ተከተለኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔን በዚህ ሐይቅ ላይ ጉማሬ አባርሮኝ ያውቃል። ጉማሬ ግን ሲያባርር ይቆጣል፤ ሲቆጣም ሰው መሆኔን ያወቀ ይመስለኛል። ይህ የእርስዎ ፍጥረት አልተቆጣም። አልፈጠነም፣ አልዘገየም። በግንባሩ ላይ ያለው ካሜራ ቀጥ ብሎ ያየኛል፤ እያየኝ ነው የሚመጣው።

«ድምፁ ቀረበ» አለች እናትዓለም።

«ቀርቧል» አልኋት።

«ምን ያህል ቀረበ?»

መቅዘፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ቀዘፍሁ።

፪ኛ. ማሽኑ የሰው ጩኸት ሲሰማ በራሱ እንደሚቆም በምረቃው ዕለት አብስረውን ስለ ነበር፣ ጮኽሁ። «ኧረ ሰው! ኧረ በሥላሴ! ሰዎች ነን!» አልሁ። ድምፄ ያለ ማጉያ ቅኔ ማሕሌቱን የሚሞላ ድምፅ ነው፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ የተከፈልሁበት ሥራዬ ነውና። ማሽኑ አልቆመም። በኋላ እንደ ተረዳሁት የድምፅ ክምችታችሁ የተቀረጸው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፤ የከተማ ተማሪዎች ‹እርዳታ› እና ‹አቁሙ› የሚሉትን ቃላት ከወረቀት ላይ በእርጋታ እያነበቡ። እኔ ደግሞ ነፋስና ሞተር መካከል ሆኜ፣ በአገሬ አነጋገር፣ ሞቴን እያየሁ ነበር የጮኽሁት። ስለዚህ ማሽናችሁ ጩኸቴን ‹የወፍ ድምፅ› ብሎ መዘገበው። ለአንድ የዜማ መምህር ከዚህ የበለጠ ውዳሴ ስለማይገኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሰው ሊሞት ሲል ‹እርዳታ› የሚለውን ቃል አጥርቶ እንዲያነብ የዳርቻውን ነዋሪ ሁሉ ቢያሠለጥኑልን ደግሞ ውለታዎ እጥፍ ይሆናል።

፫ኛ. ጥርሱ ታንኳዋን በእኔ በኩል ያዛት። ደንገሉ እየተሰባበረ ይንቋቋ ጀመር። እኔም ከተቀመጥሁበት ከፍ፣ ከፍ አልሁ፤ ሰንሰለቱ ታንኳዋን ከነእኔ ወደ ላይ እየሳባት ነበር። እናትዓለም ሁለት እጇን ዘርግታ አየሩን እየዳበሰች፣

«ሀብተ ሥላሴ! የት ነህ?» አለች።

በትዳር ዘመናችን ሁሉ ‹መሪጌታ› ሳትል በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«ዝለይ!» አልኋት።

«ወዴት?»

ወዴት እንደምትዘልል የማታይ ሴት ናት፤ ዋናም አታውቅም። በመቅዘፊያው ጀርባዋን ገፍቼ ውኃ ውስጥ ጣልኋት። ክቡር ሆይ፣ ይህን አረፍተ ነገር እባክዎ ደግመው ያንብቡልኝ። ዓይነ ሥውር ሚስቴን በገዛ እጄ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ጣልኋት፤ ከማሽንዎ ይልቅ ሐይቁን ስላመንሁት።

ተከትያት ዘለልሁ። መጀመሪያ የነጠላዋን ጫፍ፣ ከዚያ ክንዷን አገኘሁ። አንገቴን አንቃ ይዛኝ ሁለታችንም ወረድን፣ ወጣን፣ ደግሞ ወረድን። ከበላያችን ማሽኑ ታንኳችንን ያላምጥ ነበር። ደንገል እንደ እምቦጭ ልል ስላልሆነ ሰንሰለቱ ላይ ተጠምጥሞ ያስቃስተው ጀመር፤ የማሽኑ ሠራተኛ ክንዱ የሚባለው ሰውም ምን ነካው ብሎ ከተቀመጠበት ክፍል ብቅ አለ። በዓይኑ አየን። ሞተሩን አጥፍቶ ከነልብሱ ዘለለና እርሷን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው ይዞ አወጣን።

«የኔታ፣ እስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነበራችሁ» ይለኛል ክንዱ እያለቀሰ። «ሰው ቀይ ነው፣ ጀልባ ቀይ ነው። እናንተ አረንጓዴ ነበራችሁ። አረንጓዴ እምቦጭ ነው። እኔ የማየው እስክሪኑን ነው፣ የኔታ።» እርሱን አልከስም፤ እንዳትከሱትም እለምናለሁ። በማዕከልዎ ንብረት ላይ ከነበሩት ዓይኖች ሁሉ ያየን የእርሱ ብቻ ነው።

፬ኛ. ቀጠሮው አለፈ። እናትዓለምም ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ ዳር አልደርስም አለች። የመንደሩ ወፍጮ ሲነሣ ምሰሶ አቅፋ ትቆማለች፤ «መጣ እንዴ?» ትለኛለች። እኔም አልመጣም እያልሁ እጇን እይዛለሁ። በመጨረሻ በዳርቻው ዙሪያ በእግርና በባጃጅ ወስጃት አንደኛው ዓይኗ ተሠራ። ከፈቀዱልኝ፣ የመንገዱን ርዝመት ማሽንዎ ለአካል ብቃታችን ያደረገው አስተዋጽኦ አድርጌ እመዘግበዋለሁ።

፭ኛ. ቀድሞ በሰው እጅ ላደረስሁት አቤቱታ ስለ ላኩልኝ ምላሽ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ‹ክስተቱ በሚጠበቀው የስሕተት ወሰን ውስጥ የሚወድቅ ነው› ይላል። እኔና ባለቤቴ ከወሰን ሳናልፍ በመገኘታችን ተጽናናን። የማዕከልዎ ባለሙያ ወይዘሪት ማህሌት ግን አስቀምጣ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፤ ለማስተማሪያ በተሰበሰቡት ሥዕሎች ውስጥ ጀልባ ማለት የብረትና የሞተር ጀልባ ነው። የታንኳ ሥዕሎች ጥቂት ነበሩ፤ ከሣሩ ለመለየት አስቸጋሪ ስለ ሆኑ ‹ለጥራት ሲባል› ወጡ። ፈተናውም የተዘጋጀው ከዚያው ክምችት ተከፍሎ ነው። እኔ በመምህርነቴ እንደ ገባኝ፣ ማሽኑ ታንኳ አልተማረም፤ ታንኳም አልተጠየቀም፤ በማዕረግ ግን ተመረቀ። እኔ ደቀ መዝሙሬን የሚያውቀውን ብቻ ጠይቄ ብመርቀው ደብሩ ያባርረኛል። ማዕከልዎ ከደብራችን ይልቅ ርኅሩኅ መሆኑን በዚህ ተረዳሁ።

በዚያው ምላሽዎ፣ ክምችቱን ለማዳበር በሌላ ታንኳ ላይ ተቀምጬ፣ ሞተሩ በተነሣ ማሽን ፊት ‹በተቻለ መጠን በእውነተኛ ስሜት› እንድጮኽና እንድቀረጽ ጋብዘውኝ ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ሥራ አላቆመም፤ የጎረቤቶቼም ታንኳ በየጧቱ ይወጣል። ባለፈው ማክሰኞ ሄድሁ። ክንዱ ማቆሚያው ላይ እጁን ጭኖ «አለሁ፣ የኔታ፣ አለሁ» ይለኝ ነበር። ካሜራው ዞሮ አየኝ። ጮኽሁ። ስሜቱን ማስመሰል እንዳላስፈለገኝ ለባልደረቦችዎ ይንገሩልኝ። ቅጂው በጣም ጥራት ያለው ነው ብለው አጨብጭበውልኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዳርቻው ታንኳና የዳርቻው ሰው በትምህርቱም በፈተናውም ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ማሽኑ ይቁም። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን፣ በማሽኑ ፊት በታንኳ ሆነው አንድ ጧት አብረውኝ እንዲውሉ በክብር እጋብዝዎታለሁ። ከፊት አስቀምጥዎታለሁ እንጂ ከኋላ አላስቀምጥዎትም።

እግዚአብሔር ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጆሮዎ ማስተዋል እንዲሰጥልኝ እየጸለይሁ፣ ገና ባልደረቀ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ
ከጣና ዳርቻ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ዕለት እናትዓለምም አብራኝ መጥታ ከውኃው ርቃ ተቀምጣ ነበር፤ ከአንዱ ዓይኗ ላይ ፋሻው ተነሥቷል። ወይዘሪት ማህሌት የማሽኑ ካሜራ በአደጋው ቀን ያነሣውን ሥዕል በኮምፒዩተር አሳየችን። ባለቤቴ የዚያን ቀን ያላየችውን ያን ጊዜ አየች፤ እጇን የዘረጋች ሴት፣ ዙሪያዋን አረንጓዴ መስመር፣ ከራስዋ በላይ አንድ ቃል። «ምን ይላል?» አለችኝ። ‹እምቦጭ› ይላል። «ፊደሉ ደቀቀብኝ» አልኋት። ክምችቱ ለዚህ ዓመት ስለ ተዘጋ ቃሉ የሚታረመው በመጪው ዓመት መሆኑን ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ሁለተኛውን ዓይኗን በሚቀጥለው ወር ይሠራላታል፤ እናትዓለምም ዳዊት የደገመች፣ አጥርታ የምታነብ ሴት ናት። እባክዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ይቅደሟት።