ሁለት አስታማሚ፣ አንድ አርቪ

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

ከሥራ ገባሁ። እግሬን አልችለውም። ዛሬ ኤርፖርት ዊልቸር የገፋሁላቸው ሰዎች በሙሉ ወደ ሙቀት ነው የሚሄዱት። አንዷ አሮጊት ፈረንጅ ቁምጣ ለብሳ፣ ውሻዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ... «እስከ ኤፕሪል አልመለስም» አለችኝ። ቀናሁ። በሷም በውሻዋም።

ቤት ስደርስ አባባ ደረጃው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። «ምነው አባባ?» ስላቸው «እያሰብኩ ነው» አሉኝ። የባሌን አባት አውቃቸዋለሁ፣ ሲያስቡ ደረታቸው አያፏጭም።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት ዋልን። ሐኪሟ አልደበቀችም። ሳንባቸው ደክሟል፣ ዴንቨር ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ይሄን ዊንተር ዝቅ ያለ ሞቃት ቦታ ካላሳለፉ ሆስፒታል መግባታቸው አይቀርም አለች። ከገቡ ደግሞ... ብላ ዝም አለች። ሁሉንም ተረጎምኩላቸው፣ ዝምታዋን ብቻ ዘለልኩ።

አባባ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ። እናያለን።»

የአባባ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። በፍጹም ማለት ነው።

ኦክቶበር 19፣ እሁድ

ባሌ ወልደየስ አርቪ ይዞ መጣ፣ ቤት የሆነ መኪና! አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት፣ የሌለው ነገር የለም። የታክሲ ጓደኛው መንሱር ኮሜርስ ሲቲ ከጨረታ ገዝቶ በሩ ላይ አቁሞት ነበር። ገዢ እስኪመጣ ድረስ ውሰዱት፣ ቆሞ ከሚዝግ አባታችሁን አሳክሙበት አለን። ምን ዓይነት ሰው ነው! እግዜር ይስጠው። የኛ ጎረቤት ግን እግዜር ይስጥህ አላለንም፣ መስኮቱን በሙሉ ጋርደንበታል።

እቅዱ እንዲህ ነው። ከታንክስጊቪንግ በኋላ እንወጣለን፣ አሪዞና፣ ዩማ፣ እስከ ማርች። ሜዳ ነው፣ በረሃ ነው፣ ጃንዋሪ ላይ ሰው በከነቴራ ይዞራል አሉ። እኔ ያለ ደሞዝ ፈቃድ እወስዳለሁ። የወልደየስ ታክሲ እንደሁ ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ከጀመረ ወዲህ ቆሞ ነው የሚውለው። ልጃችን ሮሆቦት ኮሌጇን ኦንላይን ታደርጋለች።

ልጄ ግን «ማሚ፣ ኬቨን ካልሄደ እኔም አልሄድም፣ ፒሪየድ!» አለች።

ኬቨን ዶሮ ነው። አውራ ዶሮ። ለፋሲካ ከነነፍሱ ገዝተን ጋራዥ አሳደርነው፣ ጠዋት ወልደየስ ቢላዋ ይዞ ሲገባ ሮሆቦት ስም አውጥታለት ጠበቀችው። ስም ያለው ዶሮ ማን ያርዳል? በዓሉን በሱፐርማርኬት ዶሮ አሳለፍን። አሁን እሱም፣ ውሻችን ብራውኒም፣ ድመቷም ተጓዥ ናቸው። የጎደለው ዋናው ሰውዬ ብቻ...

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

አባባ አርቪውን ጎበኙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ እንደ ሚኒስትር።

«ሽንት ቤቱ ምድጃው አጠገብ ነው» አሉ።

«በር አለው እኮ አባባ።»

«በሩም የሚከፈተው ወደ ወጡ ነው።»

ወረዱ። «ጥሩ ነው፣ ለእናንተ ይበቃችኋል» ብለውኝ ገቡ።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

መጀመሪያ የኅዳር ሚካኤል ይለፍ አሉ። እሺ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምንወጣው አልናቸው። ከዚያ ውሻ ካለበት ቤት ጸሎት አላደርስም አሉ። ብራውኒ ኋላ ትተኛለች አልን። ዛሬ ደግሞ እድሩን አመጡት። «እድራችን የሚቀብረው ኮሎራዶ ውስጥ የሞተ ሰው ነው። አሪዞና ብሞት ማን ያነሳኛል?» ወልደየስ የምሩን ሊቀመንበሩ ጋ ደወለ። ሊቀመንበሩም የምራቸውን «ከክልል ውጭ ከሆነ ቦርዱ ተሰብስቦ መወሰን አለበት» አሉት። ሳይሞቱ አጀንዳ ተያዘላቸው!

ስቄ አበቃሁ። ከዚያ ቁርስ ላይ ከንፈራቸውን አየሁት፣ ጠቁሯል። ፈራሁ። ገና በረዶው እንኳን በደንብ አልጣለም።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ምን አደረግኩ?

ሻይ ይዤላቸው ገባሁና እንደ ልጅ ለመንኳቸው። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ለምንድነው የማይሄዱት?»

«በሽተኛ ተብዬ ተጭኜ አልሄድም» አሉ። «ሀይለማርያም ልጆቹን ሥራ አስፈትቶ አገር ላገር ያዞራል እስኪሉኝ ነው የምትጠብቂው?»

አፌ አመለጠኝ። «ለርስዎ ነው ማን አለ አባባ? ለአቶ ለገሠ ብለን እኮ ነው!»

አቶ ለገሠ! የፓርኪንግ ሥራ አብረዋቸው የሠሩት ጓደኛቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩት። ብረት የሆኑ ሰውዬ፣ እሁድ እለት እዚሁ ቤት ሁለት ሳህን ክትፎ ያነሱ... ሌላ ስም ጠፍቶኝ ነው?

አባባ ሻዩን አስቀመጡ። «ለገሠ ምን ሆነ?»

«ሳንባ» አልኩ። በሽታም አልፈጠርኩም፣ የአባባን የራሳቸውን ነው ለአቶ ለገሠ የሰጠሁት። «ሐኪም ሙቀት አገር ሂድ ብሏቸዋል። አስታማሚ የላቸውም። ለማንም አልተናገሩም፣ እባክዎ እንዳይነግሯቸው።»

ሻዩን መልሰው አነሱና «መቼ ነው የምንነሳው?» አሉኝ።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

ለወልደየስ ነገርኩት። ራሱን ያዘ። «እና አቶ ለገሠን ማን ሊያመጣቸው ነው?»

«አንተ። ላንተ ቀላል ነው፣ እውነቱን ብቻ ንገራቸው። አባባ ታመዋል፣ ያለ ርስዎ አልሄድም ብለዋል በላቸው።»

ሄዶ ማታ ተመለሰ። ፊቱ ልክ አይደለም።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው። ሲያመነቱብኝ ጊዜ... ትንሽ ጨመርኩበት።»

«ምን ጨመርክ?»

«ከፋሲካ አያልፉም አልኩ።»

በስመአብ! የገዛ አባቱን! «ምን አሉ?»

«አለቀሱ። ከዚያ ተነስተው ሻንጣ አወረዱ።»

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

አርቪውን ለልምምድ ሊትልተን ድረስ ነዳነው። ሁለቱም ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የአንዱን ትራስ ሲያስተካክል፣ አንዱ ላንዱ ውሃ ሲያቀብል... ድመቷ ሻወር ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። ወልደየስ ደግሞ ታክሲ የሚነዳ መስሎት ቡና ልግዛ ብሎ ከመኪና ሳይወርዱ የሚገዙበት ድራይቭ ስሩ ውስጥ ገባ። ጣሪያችን ከመግቢያው ብረት ስር ተቀረቀረ። ከኋላ ሰባት ስምንት መኪና ጥሩምባውን ያስጮሃል። አባባ ወርደው «ና! ና!» ይላሉ፣ አቶ ለገሠ ከወዲያ «ቁም! ቁም!» ይላሉ፣ መሃል ላይ ኬቨን ይጮሃል። የካፌው ልጅ በመስኮቱ ወጥቶ ትእዛዛችሁ ምንድን ነው ይለናል።

የጎማውን ንፋስ ቀነስ አድርገን ወጣን። አባባ ሲስቁ ሳሉ፣ ሲስሉ ሳቁ። አቶ ለገሠ ደንግጠው ጀርባቸውን ያሻሹላቸዋል። አባባ ደግሞ «አንተ ተቀመጥ፣ አንተ አትድከም!» ይላሉ።

ኖቬምበር 16፣ እሁድ

ጉድ ፈላ።

ሁለቱም ተናግረዋል። አባባ ለእድሩ ሴቶች «በምስጢር ያዙት፣ ለገሠ ተርፎ አይተርፍም» ብለዋል። አቶ ለገሠ ለእድሩ ወንዶች «በምስጢር ያዙት፣ ሀይለማርያም ከፋሲካ አያልፍም» ብለዋል። ባልና ሚስት ደግሞ ማታ ምስጢር ያወራሉ። እድሩ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሊያልቅበት ነው ብሎ ደነገጠ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ግልብጥ ብለው መጡ። ወጥ በድስት፣ ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ በካርቶን። አንዷ ዶሮ ወጥ ይዛ ስትገባ ሮሆቦት ኬቨንን አንስታ በጓሮ በር ወጣች።

አባባና አቶ ለገሠ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንግዶቹ እየገቡ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ይላሉ። ለማን እንደሆነ አይታወቅም፣ መሃላቸውን አይተው ነው የሚሉት። አባባ በአቶ ለገሠ ፈንታ «አሜን» ይላሉ። አቶ ለገሠ በአባባ ፈንታ «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ሁለቱም ፊታቸው ላይ ያዘነ የጤነኛ ሰው ትዕግስት አለ። አንዷ ሴትዮ አባባን እያየች ማልቀስ ስትጀምር አባባ ጠጋ ብለው «አይዞሽ፣ እሱ ፊት አታልቅሺ» አሏት።

ወጥ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቼ ሳቅኩ። ወልደየስ ሲገባ ሳቄ ለቅሶ ሆኖ አገኘው። ቢያውቁብኝስ? አባባ ቢቀሩስ? ሐኪሟ የዘለለችው ነገር እዚህ ቤት ቢመጣ ውሸቴን ማን ይቅር ይለኛል?

ዲሴምበር 5፣ አርብ

ነገ ነው። ቄሱ አርቪውን ሊባርኩ መጡ። ምድጃውን ረጩ፣ አልጋዎቹን ረጩ፣ ወልደየስን ከነመሪው ረጩ። ብራውኒ ጸበሉን ከአየር ላይ ቀለበችው። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጸሎቱ መሃል ኬቨን ጮኸ፣ ቄሱ አቁመው ጠበቁት፣ ደገመ፣ እንደገና ጠበቁት። «ጨረሰ?» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ልብስ ልሰቅል የአርቪውን ቁም ሳጥን ከፈትኩ። ጠባብ ናት፣ ለአምስት ሰው አንድ ክንድ አትሞላም። ውስጧ ሁለት ጥቁር ሙሉ ሱፍ ተሰቅሏል። ከነክራቫታቸው።

አባባን ጠየቅኳቸው። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ለገሠን በሹራብ ልሸኘው?» አሉኝ።

አቶ ለገሠን ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ለማንኛውም ብዬ ነው ልጄ» አሉ።

ቁም ሳጥኗን ዘጋሁ። የኔን ካፖርት ትቼው እሄዳለሁ።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ወጣን። እስከ ፑዌብሎ ማንም አልተናገረም፣ ከኬቨን በስተቀር።

ጃንዋሪ 25፣ እሁድ

ዩማ። ስንት ሳምንት ሆነኝ ሳልጽፍ... ጊዜ አጥቼ አይደለም፣ እዚህ ቀኑ የሚያልቅ አይመስልም።

ጠዋት አባባ «ነይ እንሂድ» አሉኝ። ብራውኒን ገመዷን ይዘው እሳቸው ራሳቸው! ውሻ ካለበት ቤት አልጸልይም ያሉት። የሰፈሩ ፈረንጅ ሽማግሌዎች ወንበራቸው ላይ ሆነው «ሄሎ ሃይሌ!» ይሏቸዋል። እሳቸው ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ። እስከ ቦዩ ሄድን። ቦዩን አልፈን እስከ ሰላጣ እርሻው አጥር ሄድን። እያወሩ ነው የሄዱት፣ አንዴም አልቆሙም። ከንፈራቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት... የሰው ከንፈር ነው። ደስታዬን የት ላስቀምጠው?

አጥሩ ጋ ቆሙ።

«እታለም፣ ለገሠ ምንም እንደሌለበት አውቃለሁ» አሉኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «አባባ... ከመቼ ጀምሮ?»

«ከነገርሽኝ ቀን። ውሸት ከፊትሽ ላይ መደበቅ አታውቂበትም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

ገመዱን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። አምና በዊንተር አቶ ለገሠ ማታ ማታ ይደውሉላቸው ነበር። የሚያወሩት የላቸውም። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ አለቀ። ስልኩን ግን አይዘጉትም። «ዝም ብሎ ይይዘዋል። እኔም እይዘዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ሲያወራ እሰማለሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ ሲወስደው እሰማለሁ፣ ያኔ እዘጋለሁ» አሉኝ። «ከኛ ጋር ክረም ብለው እሺ ይለኝ ነበር? ሰው ላስቸግር አይልም እሱ። አንቺ ስትዋሺ እግዜር ምክንያት ላከልኝ አልኩ። ለእድሩ ያወራሁትም፣ ሱፉንም የሰቀልኩት ውሸትሽ እንዲያምር ነው።»

አለቀስኩ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ስንት ወር በራሴ ስኩራራ! አባባን አታልዬ ያወጣሁ መስሎኝ...

«ማልቀሱን ተይውና ስሚኝ» አሉ። «ማርች ስንመለስ ወደዚያ አፓርትመንት አይገባም። ምድር ቤታችን ባዶ ነው። ኬቨን ጋራዡ ይበቃዋል።»

«እሺ አባባ፣ ደስ ይለኛል። ግን እሺ ይላሉ?»

«ለኔ ጤንነት ከሆነ ይላል። አልዳንኩም በዪው። አጠገቡ የሚሆን ሰው ያስፈልገዋል ብሏል ሐኪሙ በዪው። ካስፈለገ ጨምሪበት፣ ባልሽ ይችልበታል።»

ስንመለስ አቶ ለገሠ አርቪው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው። አባባ ወደኋላ ቀሩ። አቶ ለገሠ ወደኔ ጠጋ ብለው «እንዴት ነው ዛሬ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ገና ነው አቶ ለገሠ» አልኳቸው። «ብዙ ይቀራቸዋል።»

ከኋላዬ አባባ ሳሉ። እንዲህ ዓይነት ውሸታም ሳል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አቶ ለገሠ ግን ሮጠው ሄደው ክንዳቸውን ያዙ።