በሰንበሌጥ ድልድይ ላይ በጎቻችን እንዲያልፉ ስለተፈቀደልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ አንዱአምላክ ሞላ፣
የሰንበሌጥ ወንዝ ድልድይ የምረቃ በዓል አዘጋጅ ዐቢይ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የኮሚቴዎ አባላት፣ ድንኳኑ፣ ድምፅ ማጉያውና ፊሽካው ሁሉ ደኅና ናቸውን? እኛ ከወንዙ ማዶ የምንኖረው የአሞራ ገደል ሰዎች፣ ከጉልበታችን በታች ከማይደርቀው እርጥበት በቀር፣ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን እጅግ ደኅና ነን።

እኔ ማሬ ፈንታሁን የምባል፣ ባሌን ቀብሬ፣ ልጆቼን ድሬ፣ የፊት ጥርሴ ከወለቀ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ። ለሹም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ በደብዳቤው ውስጥ የፊደል ስሕተት ቢያገኙ እንደ እናትዎ ቆጥረው ይቅር ይበሉኝ፤ ነገር ቢያገኙ ግን እሱ ስሕተት አይደለም።

በአደባባይ የምጽፍልዎት እንዲህ ያለ የተሳካ ዝግጅት ያለ ምስጋና ሲታለፍ ማየት ነውር ስለሆነብኝ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ከጉና ግርጌ፣ ሰንበሌጥ በሚባለው ወንዝ ላይ፣ ለእግረኛና ለጭነት ከብት የሚሆን ጠንካራ የብረት ድልድይ ከተሠራልን ዓመት ሊሞላው ነው። የደብረ ታቦር ገበያ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሳይቀር ያሉት ከወንዙ ወዲያ ነው። ድልድዩ አልቋል፤ ቀለሙም ደርቋል። የቀረው ምረቃው ብቻ ነው። ስለዚህ ከድልድዩ መካከል ቀይ ሪባን ተወጥሮ፣ “ከምረቃ በፊት ሰው መሻገር ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳ ቆሞ፣ ከሰሌዳው ጎን ጥላዬ የሚባል ዘበኛ ተቀምጦ፣ እኛ የክብር እንግዳው መጥተው ሪባኑን እስኪቆርጡ ድረስ ከድልድዩ ሥር በውሃው እንሻገራለን። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሰሌዳው። ሰሌዳውን ለአገሩ ሰው መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ጭነታቸውን ይዘው ሊያልፉ ሲሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እንደጨረስኩም ሁሉም ጫማውን አወለቀ። ትምህርት ሰውን ያሻግራል ሲሉን ነበር፤ እኔን ግን መለሰኝ። ደግነቱ ሰሌዳው “ሰው” ስለሚል ጥላዬ በጎቻችንን አይከለክልም። ቅዳሜ ጠዋት በጎቻችን ኮቴያቸው ሳይርስ ከላይ፣ እኛ ልብሳችንን ሰብስበን ከታች እንሄድና ማዶ ላይ እንገናኛለን። በግ ሰውን ሲታዘብ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

፪ኛ. ስለ ጽዳቱ። የምረቃው ቀን ድንገት ቢደርስ ድልድዩ ቆሽሾ እንዳይገኝ፣ በየዓርቡ እኛ ሴቶች እንድንጠርገው መታዘዛችንን በደስታ ተቀብለናል። መሻገር እንጂ መጥረግ አልተከለከለምና፣ ከእኛ ወገን ያለውን ግማሽ እስከ ሪባኑ ጠርገን እንመለሳለን። ከዚያ ወርደን በውሃው እንሻገርና፣ በወዲያኛው ጫፍ ወጥተን የቀረውን ግማሽ እስከ ሪባኑ እንጠርጋለን። ከዚያ ደግሞ ወርደን በውሃው ወደ ቤታችን። ሰው የማይሻገርበትን ድልድይ ምን ያቆሽሸዋል ብለው እንዳያስቡ፤ የምንጠርገው የበጎቹን በጠጥ ነው።

፫ኛ. ስለ ቀጠሮው። የመጀመሪያው የምረቃ ቀን ኅዳር ላይ ነበር። ከንጋት ጀምረን ነጭ ለብሰን በብርዱ ተሰልፈን ዋልን፤ የክብር እንግዳው ግን ሌላ ድልድይ ሊመርቁ ሄደዋል ተባለ። እሰይ፣ የሌላው አገር ሰው እንኳ ይሻገር ብለን ተመለስን፤ የተመለስነውም በውሃው ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ፣ መጋቢት ላይ፣ እንግዳው ከከተማ ተነሥተው ሲመጡ ድልድይ ያልተሠራለት ጅረት መንገድ ላይ ገጥሟቸው መኪናቸው አላልፍ ስላለ ተመለሱ። እዚህ ላይ ከልቤ አዘንኩላቸው። ጫማ አውልቆ መሻገር እንደሚቻል የሚነግራቸው አንድ ሰው እንኳ አጠገባቸው አልነበረምን? ኮሚቴዎ ግን ተሰብስቦ ጥፋቱን መረመረና ከእኛ ዘንድ አገኘው፤ እልልታችን ቀዝቃዛ ነበር ተባልን። እንግዳው ከሩቅ ሰምተውት መሆን አለበት።

፬ኛ. ስለ ፊሽካው። በዚህ ምክንያት በየቅዳሜው ልምምድ ታዘዘልን፤ የእልልታ ንዑስ ኮሚቴም ተቋቋመ። ፊሽካ ሲነፋ እልል እንላለን፤ ሁለተኛ ሲነፋ ዝም እንላለን። እኔ ልጅ ስድር፣ ታቦት ስሸኝ እልል ያልኩት ሁሉ ያለ ፊሽካ ስለነበር፣ ያ ሁሉ ደስታዬ ከመመሪያ ውጪ እንደነበረ በዚህ ዕድሜዬ ተረድቻለሁ።

፭ኛ. ስለ ጥላዬ። ልምምዱ የክብር እንግዳ ስለሚያስፈልገው፣ ዘበኛው ጥላዬ የእርስዎን ሁለተኛ ኮት ለብሶ እንግዳውን እንዲተካ ተደረገ። ጥላዬ በቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ የማውቀው ልጅ ነው። መጀመሪያ አፈረ፤ ንግግር አድርግ ሲባል “እንግዲህ ደኅና ዋላችሁ” ብሎ ቁጭ አለ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጉሮሮውን ጠረገ። በሦስተኛው “የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች” አለና ፀሐይ አናታችንን እስኪበሳን ተናገረ። ከዚያ ወዲያ፣ ማደሪያው እዚያው ድልድዩ ጫፍ ሆኖ ሳለ፣ እያረፈደ ይመጣ ጀመር። አንድ ቅዳሜማ ጭራሽ ቀረና ታናሽ ወንድሙን ተወካይ አድርጎ ላከልን። ወንድሙ “በሥራ መደራረብ ምክንያት” ብሎ ይቅርታ ሲጠይቀን፣ ጥላዬ ከድልድዩ ሥር ጥላ ውስጥ ተኝቶ እግሩ ይታየን ነበር።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን፣ እትዬ ማሬ ይለኝ የነበረው ልጅ ኮቱን እንደለበሰ “እናታችን፣ ያለባችሁ ችግር ምንድን ነው?” ብሎ በትሕትና የጠየቀኝ ቀን ነው። በድልድዩ እንዳንሻገር መከልከላችን ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና “በቅርቡ ምላሽ ያገኛል” አለኝ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለእርስዎ መለሰ፤ ዱላውን አነሣ፤ “እትዬ ማሬ፣ በውሃው” አለኝ። ይህን ያህል ፈጣን ምላሽ ከሹም አግኝቼ አላውቅም።

፮ኛ. ስለ መሻገሩ። እርስዎ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ፣ ልምምዱ ሕይወት ይጎድለዋል፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ሕዝቡ በደስታ ሲሻገር ልክ እንደ ዕለቱ ሆኖ መታየት አለበት ብለው አዘዙን። ለእናት ለአባታችን ያልታዘዝነውን ያህል ታዘዝንልዎ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገብሳችንን፣ ድንቻችንን፣ አህያና በቅሏችንን ይዘን መጣን። ጥላዬ ሪባኑ እንዳይበላሽ ቋጠሮውን ፈታ፤ ፊሽካው ተነፋ፤ እኛም በደስታ ተሻገርን። የት ላይ እንደምንቆም ግን አልተነገረንምና ደስታችን ደብረ ታቦር ገበያ ድረስ ወሰደን፤ ማታም መመለሱን ተለማመድን። እርስዎም “ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ እውነተኛ ይመስላል” ብለው አጨበጨቡልን። ከዚያ በኋላ የገበያ ልምምድ፣ የልቅሶ ልምምድ፣ የማኅበር ልምምድ እያልን በየቅዳሜው ደረቅ እግር ይዘን ቤታችን ገባን። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሰሞን በአሞራ ገደል ስለ እርስዎ ክፉ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

፯ኛ. ስለ ክብር እንግዳው መምጣት። በግንቦት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የልጄን ሚስት እመቤትን ምጥ ያዛት። ጉና ላይ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሰንበሌጥ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመናት ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጥላዬ፣ ማክሰኞ የልምምድ ቀን አይደለም አለን። እኔም ይህ የምጥ ልምምድ ነው፣ በምረቃው ዕለት አንዲት ሴት ምጥ ቢይዛት ኮሚቴው ምን ሊያደርግ አስቧል ብዬ ጠየቅሁት። ቃሬዛውን አየ፤ ወንዙን አየ። ኮቱ እርስዎ ዘንድ ስለነበር ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና “የተከበራችሁ” ብሎ ሲጀምር፣ እመቤት የጮኸችው ጩኸት ንግግሩን አሳጠረው። ሪባኑን ሊፈታ ቢሞክር ቋጠሮው በዝናቡ ርሶ ጠብቆ ነበር። በጥርሱ በጠሰው።

ጤና ጣቢያው ገብተን ብዙም ሳንቆይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናቷም በሰላም ተገላገለች። እልል አልን፤ ፊሽካ የነፋ ግን አልነበረም። ያ ሁሉ ድግስ ተደግሶ በድልድያችን ላይ የመጣ እንግዳ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ የመጣችውም ያለ መኪና፣ ያለ አጃቢና ያለ ንግግር ስለሆነ፣ አገሩ ሁሉ “የክብር እንግዳ” ይላታል።

ኮሚቴዎ የወሰደውን ፈጣን እርምጃም ሳላደንቅ አላልፍም። በፕሮግራም ያልተያዘ ልምምድ ተካሂዷል ተባለ፤ ልምምዱ በሙሉ ቆመ፤ ጥላዬ ከክብር እንግድነቱ ወርዶ ዘበኛ ብቻ ሆነ፤ በሪባኑ ፋንታ ሰንሰለት ተወጠረ፤ ምረቃውም ከክረምት በኋላ ይሁን ተባለ። ሰንሰለቱ የተወጠረው በሰው ወገብ ልክ ስለሆነ በጎቻችን ዛሬም ከሥሩ ያልፋሉ። ስለዚህም ደግሜ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ እርስዎም ያውቃሉ። የእኛ የክብር እንግዳ ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሰንበሌጥ በሬ ይወስዳል። ይህ ዝግጅት እንደ እርስዎ ዝግጅት ለሌላ ጊዜ አይተላለፍም፤ ተወካይም አይላክበትም፤ ቄሱ የሚፈልጉት ልጅቷን ራሷን ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን እንዲፈቅዱልን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወይ ሰንሰለቱን ያንሡልን። ወይ ልምምዱን ይመልሱልንና የክርስትና ልምምድ ነው ብለን እንለፍ። ሁለቱም ከመመሪያው ጋር የማይሄዱ ከሆነ፣ ልጅቷ እንደ በጎቹ ፊደል ስላልቆጠረች ከበጎቹ ጋር ትቆጠርልን። በሰንሰለቱ ሥር በራሷ እንዳታልፍ ግን ገና መዳህ አልጀመረችምና የሚያሻግራት ይታዘዝልን፤ እስክትድህ ድረስ ደግሞ ሰማንያው አይጠብቃትም።

እኔ በውሃው እሄዳለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ሄጄበታለሁ። እሷን ታቅፌ ግን አልገባበትም።

ለዝግጅቱ መሳካት ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎ እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ፣ ደረቅ ካልሲና የማያረፍድ እንግዳ ይስጥልኝ።

እስከ ጉልበቴ በውሃ፣ ከጉልበቴ በላይ በአክብሮት የቆምኩ፣
ማሬ ፈንታሁን፣
የክብር እንግዳዋ አያት።
ሰኔ፣ አሞራ ገደል

ግልባጭ፦
ለሰንበሌጥ ወንዝ፤ መልስ እስኪሰጠን እንዲታገሠን።
ፊደል ላልቆጠሩ ጎረቤቶቼ፤ እኔው ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔ እንዳልሻገር ስለተከለከልኩ ይህን ደብዳቤ አንገቱ ላይ አስሬ የላክሁት በበጌ ነው፤ ጥላዬ ከሰንሰለቱ ወዲያ ተቀብሎ ያደርስልዎታል። በጉ ለክርስትናው ድግስ የታሰበ ስለሆነ፣ የመስተንግዶ ንዑስ ኮሚቴዎ ለምረቃው የመጣ መስሎት እንዳያርደው አደራ። መልስዎን እዚያው አንገቱ ላይ ይሰሩልን። እርስዎንም ለድግሱ ጠርተንዎታል፤ የክብር እንግድነቱ ተይዟልና እንደ ማንኛውም ጎረቤት ሆነው ይምጡ። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሰሌዳው “ሰው” ስለሚል መቼም መንገድዎ በታች በኩል ይሆናል። ጫማ የምናወልቅበት ድንጋይ ታጥቦ ይጠብቅዎታል፤ ሪባን አላሰርንበትም።