ስምንቱ ባትሪዎችህ እና የአባዬ ቅዳሜ

ውድ ወንድሜ፣

ከስምንቱ የድሮን ባትሪዎችህ ሦስቱ ትናንት ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከአባዬ ቤት ወጥተዋል። አምስቱ ደህና ናቸው። አባዬም ደህና ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ቅዳሜ ጠዋት ኮትህን ብል እንዳይበላው ላናፍሰው ብዬ ሄድኩ። አባዬ አንተ ክፍል፣ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ የቻርጀሩን መብራት ያያል። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ናፍቆቱን ሊወጣ ነው እያልኩ አልፈው ነበር እንጂ፣ ምን እንደሚሠራ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

«ምን እየሠራህ ነው አባዬ?»

«ነዳጅ እየሞላሁ» አለኝ ቀና ሳይል።

ቁም ሣጥንህን ስከፍት ከኮትህ ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሰባቱ ባትሪዎች ነበሩ፤ ስምንተኛው ቻርጀሩ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑ መስኮቱ አጠገብ ስለሆነ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ብርድ ልብሱ እንደ ዳቦ ሞቋል። ሃያ ሁለት ዓመት በመርፌና በክር ስለኖርኩ እጄ ከዓይኔ ይቀድማል። አንዱን ባትሪ ስይዘው ጎኑ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ፣ ጥጥ የበዛበት ትራስ ሆነብኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«ጠግበው ነዋ!» አለ አባዬ በኩራት። «አንቺም ብትበይ ኖሮ እንደነሱ ትወፍሪ ነበር።»

«አባዬ፣ ቻርጀሩን ንቀለው።»

«ገና አልሞላም እኮ!»

«ንቀለው።»

ድምፄን ሲሰማ ነቀለው። አብሮህ ድሮን የሚያበረው ስልክ ጠጋኙ ጓደኛህ፣ ሽቦ የምንለው፣ ደውዬለት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ያበጡትን አንድ በአንድ፣ እንደ ተኛ ሕፃን አቅፎ አወጣቸው። ጓሮ፣ ከግድግዳው ርቆ፣ አሸዋ በሞላ የብረት ባልዲ ውስጥ አስቀመጣቸውና ተመልሶ ጠየቀ፦

«ማነው ሞልቶ ሲያስቀምጣቸው የከረመው?»

«እኔ ነኛ!» አለ አባዬ። «አደራ ብሎኝ ነው የሄደው። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ስነዳ ታንኬን ሳልሞላ አድሬ አላውቅም። ሾፌር የሚባል ሰው ጠዋት፣ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ነዳጅ ፍለጋ አይዞርም። ልጁ ‹በቅርብ እመጣለሁ› ብሏል። ዛሬ ቢመጣስ? ባዶ ባትሪ ላስረክበው?»

አየህ፣ አንተ «በቅርብ» ያልከው ለመሰነባበቻ ነው። እሱ ግን እንደ መነሻ ሰዓት ነው የያዘው። አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ አንድም ቅዳሜ ሳያሳልፍ፣ ስምንቱንም እስከ አፋቸው ሞልቶ፣ እንዳይበርዳቸው ጠቅልሎ ሲጠብቅህ ኖሯል።

«አባባ፣ ይሄ ነዳጅ አይደለም» አለው ሽቦ። «ሞልቶ ሲቀመጥ ውስጥ ውስጡን ራሱን ይበላል። ጨርሶ ባዶ ከሆነም ይሞታል። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ባትሪ ደስ የሚለው ግማሽ ገደማ ላይ ሲሆን ነው፣ ያውም ቀዝቀዝ ያለ ቦታ።»

«ግማሽ?» አለ አባዬ፣ የተሰደበ ያህል። «በግማሽ ታንክ የሚያድርስ ሾፌር ሳይሆን ዘበኛ ነው።»

«ያበጠ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ወይም ሲቀደድ ይቀጣጠላል አባባ። መጀመሪያ ብርድ ልብሱ፣ ቀጥሎ ቁም ሣጥኑ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ።»

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ብርድ ልብሱን አየ፤ ቁም ሣጥኑን አየ፤ የራሱ አልጋ ያለበትን ግድግዳ አየ። «እና ቤቱን ላቃጥለው ነበር?» አለ። እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሄድክ ቀን፣ ሻንጣህን ካስጫንክ በኋላ፣ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ሰጥተኸኝ «እትዬ፣ ይሄን ለአባዬ አንብቢለት» ብለኸኝ ነበር። እሺ ብዬ የልክ መጻፊያ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ ዕለት ወደ ሱቄ ሮጬ ስፈልገው እዚያው ነበር። ጀርባው ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ወገብ ሰማንያ አራት፣ እጅጌ ሃምሳ ስምንት» ይላል። የማን ልክ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

ልደብቀው እችል ነበር። ሽቦ አያውቅ፣ አባዬ አያውቅ፣ አንተም ባሕር ላይ ነህ። ግን ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሾፌር ነው። በሰባ አንድ ዓመቱ በኔ ጥፋት ባልሠራው አደጋ አይከሰስም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና የሆነውን ነገርኩት።

ቆጣ ይላል ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን ገለበጠው፤ የወገብ ልኩን አነበበ፤ መልሶ ገለበጠው።

«በይ አንብቢው» አለኝ። «ቢዘገይም ለኔ የተላከ ነው።»

ቆሜ አነበብኩለት። ለማስቀመጥ በሴል፣ ማለት ባትሪው ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ክፍል፣ ሦስት ነጥብ ስምንት ቮልት፤ ሙላት ለበረራ ዋዜማ ብቻ። ቻርጅ ሲደረግ ሰው አጠገቡ ይሁን። ያበጠ፣ የተጨማደደ፣ የወደቀ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም። ጫፎቻቸው እርስ በርስ፣ ከብረትም ጋር አይነካኩ። መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ ካስቸገረህ ተወው፤ ከባትሪ አንተ ትበልጣለህ» ይላል። ይህችን ሁለቴ አስነበበኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ያስነበበኝ አልሰማሁም ብሎ ነው። ጆሮው ደህና መሆኑን አንተም ታውቃለህ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ማንም አልቀማውም። ያበጡትን ቀስ ብሎ ባዶ የሚያደርግ አምፖል ያስፈልጋል ሲል ሽቦ፣ አባዬ ጓዳ ገብቶ የአውቶቡስ አምፖል ይዞ መጣ፤ ጡረታ ሲወጣ ለማስታወሻ ያስቀረው ነው። ሽቦ ጓሮ ላይ ተራ በተራ አገናኛቸው። አምፖሉ እየደበዘዘ እስኪጠፋ አባዬ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። የተበላሹ ባትሪዎች የሚሰበሰቡበት ጣቢያ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሚከፍት፣ ትናንት ጫፎቻቸውን በፕላስተር ጠቅልለን፣ ባልዲውን የጓደኛህ ፒክአፕ ኋላ ላይ አስረን ወሰድናቸው። አባዬ ጋቢና ሆኖ መንገዱን ሙሉ «ቀስ በል፣ ተሳፋሪ ይዘሃል!» እያለ ሽቦን ሲያሰቃየው ነበር።

ደህና የሆኑት አምስቱ፣ እያንዳንዳቸው አራት ሴል ስላላቸው፣ በቻርጀሩ ማራገፊያ ወደ አሥራ አምስት ነጥብ ሁለት ቮልት ወርደዋል። የሚቀመጡት የአባዬ የድሮ የመፍቻ ሣጥን ውስጥ ነው። ውስጡን እኔ እሳት በማይበላው ጨርቅ ገበርኩት፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ኪስ ሰፍቼለታለሁ። ክዳኑን አንቆልፈውም፤ ጭስ ቢኖር መውጫ ይኑረው ብሏል ሽቦ። ሣጥኑ ፀሐይ የማይደርስበት መተላለፊያ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው። አጠገቡ የሚቀጣጠል ነገር የለም።

«በወር አንዴ መለካት ይበቃል» ብሎት ነበር ሽቦ።

«መለካት ይጎዳቸዋል?» አለ አባዬ።

«አይጎዳም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ እለካለሁ።» የመንገድ መዝገብ የሚመስል ደብተር ገዝቶ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልት ብሎ አስምሯል። የሾፌር ፊርማ የሚል ዓምድም አለው።

አሁን ወዳልጨረስነው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ወር ለኔ ብቻ ጽፈህልኛል፤ የመርከብ ኮንትራትህን ለሁለት ዓመት ታራዝም ወይ ትመጣ እንደሆነ አልወሰንክም፤ ኩባንያው መልስህን የሚፈልገው እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ፣ ወሩ በገባ በሃያ ነው። «ለአባዬ ለጊዜው አትንገሪው» ብለኸኛል። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ ከዚህ በኋላ ግን ያንተን ሁለተኛ ወረቀት ደብተሬ ውስጥ አላሳድርም። የምትወስነው አንተ ነህ። ብታራዝምም አባዬ ይችለዋል፤ ቁጥሩን እስካወቀ ድረስ ግማሽ ላይ መጠበቅ ተምሯል። የማይችለው «በቅርብ» የሚለውን ነው።

ትናንት ስንመለስ ሽቦን እንዲህ ሲል ጠይቆታል፦ «ስለዚህ የምሞላቸው በዋዜማው ነው?»

«በዋዜማው፣ አባባ።»

«ታዲያ ቀኑን ማወቅ አለብኝ» አለና ወደኔ ዞረ። እኔ ባልዲውን አንስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ከወሰንክ በኋላ፣ መርከቡ የስልክ መስመር ሲያገኝ ደውለህ ቀኑን ንገረው፤ ለኔ ሳይሆን ለሱ። ቅዳሜ ሃያ አንድ፣ በመልስህ ማግስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አምስቱን ባትሪዎች ሊለካ ደርድሮ ቻርጀሩ ፊት ይቀመጣል።

እትዬ