ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ጆሮ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ጠዋት

መስሚያዬ ዛሬም ዝም። ሳጥኑን ሦስቴ መታሁት፣ ምንም። ገመዱ ይሆናል። ቁርስ ላይ ሰናይት አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አብራኝ የምትኖር ልጄ ናት። ክረምቱን ሙሉ ይሄን የደርግ ዘመን ዕቃ ጣለው፣ ከጆሮ ኋላ የሚደበቀውን ትንሹን እንግዛ ስትል ከረመች። እምቢ አልኳት። የማተሚያ ቤት ማሽን ጆሮዬን ሲወስድ የተካልኝ ይሄ ነው። ደረት ኪስ የሚገባ የብረት ሳጥን፣ አንድ ገመድ፣ አንድ የጆሮ መሰኪያ። የታክሲ ልጆች ሬዲዮ ይመስላቸዋል። ፋዘር፣ ስንት ለስንት ናቸው? ሁልጊዜ ሁለት ለባዶ እላቸዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ምሽት

ብንያም አልደወለም። ወንዱ ልጄ። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፣ ናዝሬት ሚስቱ ጋ ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ ይደውላል። ማይክሮፎኑ ሳጥኑ ላይ ስለሆነ ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ነው የማዳምጠው፤ ሰው ያየኝ ይስቃል። መስሚያው ከተበላሸ ወዲህ ሰላምታውን ሰናይት ጽፋ ታሳየኝ ነበር። ዛሬ ኔትወርክ የለም ብላ ጻፈች። ለሥራ ስልጠና ብላ ሄዳ ሁለት ቀን ቆይታ ዐይኗ አብጦ ነው የመጣችው። ጉንፋን ነው ብላ ጻፈችልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሰዓት

ጉድ ነው ደብተሬ፣ ሰው ሁሉ በድንገት ጆሮዬን ወደደው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ በር ድረስ መጥቶ ሳጥኑን በጣቱ እያሳየ፣ ይሠራል? ብሎ በምልክት ጠየቀኝ። ሰናይት ከሥራ ቀርታ ሰዒድ ጋ ወሰደችኝ። ራዲዮ ሠሪ ነው፤ ካዛንቺስ የነበረው ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ቡልጋሪያ ሰፈር ገብቷል። ገመዱን በየደው። ሌላ ጊዜ ይሄን ዕቃ ከኔ ጋር ቅበሩልኝ ብለህ ተናዘዝ እያለ የሚቀልድብኝ ሰው፣ ዛሬ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሠራ! ሸሚዜ ሲፋተግ፣ የሚኒባስ ጡሩምባ፣ ረዳቱ ወሎ ሰፈር እያለ ሲጮህ። ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። ሰናይት ፊቷን አዞረች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መርዶ ነው።

ሰው ለወሬ ብሎ የሽማግሌ ጆሮ ለማስጠገን አይሯሯጥም። መርዶ በወረቀት አይሰጥም፣ በጩኸትም አይነገርም። በንጋት፣ በሽማግሌ፣ በቀስታ ነው። ለዚያ ጆሮ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ የሚሞትብኝ ማን ቀረ? ሁለት ልጆች ናቸው ያሉኝ። አንዷ ፊቴ ቆማለች።

ስሙን አልጽፍም።

ባትሪውን አውጥቼ ካልሲ ውስጥ ደበቅሁ። እንደገና ተበላሸ አልኳት። ካልሰማሁ አልሞተም። በቃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አላስችል አለኝ። ባትሪውን በድብቅ መለስኩት። ጋሽ ታደሰና ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘነበች መጥተው፣ አይሰማም ብለው ፊቴ አወሩ። መኪናው አዋሽ ላይ ተገልብጦ ነው። ናዝሬት ተቀብሯል። ሰናይት ስልጠና ያለችው ወንድሟን ልትቀብር ሄዳ ነው። ብንያሜ። ዐይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም። ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረግሁ።

ወ/ሮ ዘነበች ስለ ልጅቷ ነው የምትጨነቀው። አባትየው መርዶውን ሳይረዳ አታለቅስ፣ ጥቁር አትለብስ፣ ልትታመም ነው አለች። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሰናይት ኩሽና ገብታ ቧንቧ ከፈተች። ውሃው ይንሿሿል፣ ከሥሩ እሷ። አፏን በፎጣ አፍና ወንድሜ፣ ወንድሜ ትላለች።

አፈርኩ ደብተሬ። ባትሪ ደብቄ ልጄን ከሞት ያስቀረሁ መስሎኝ ነበር። የከለከልኩት የሷን ልቅሶ ነው።

ማታውኑ መስሚያው ሠራልኝ አልኳት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ንጋት 11 ሰ.

ሌሊቱን ለብሼ ነው ያደርኩት። የግቢው በር ተከፈተ። ጫማ ይሰማኛል፣ ብዙ ጫማ፣ ቀስ ያለ። ጋሽ ታደሰ ይስላል። የሚለውን አውቀዋለሁ፣ እንደማያውቅ ሆኜ እሰማዋለሁ። ሰናይት ብቻዋን ተሸክማው እንደቆየችም እንዳላወቀ እሆናለሁ፣ እሷም እንዳወቅሁ አታውቅም።

በልቅሶው ግርግር ሳጥኑ እንዳይሰበር ትራስ ሥር ላደርገው ነበር። ተውኩት። እዚሁ ደረቴ ላይ ይሁን። ሰናይት መጥታ የምትወድቀው እዚህ ላይ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ።